ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ ኩላሊት፦ የትኛው መድኃኒት ይጠቅመዋል፣ የትኛውስ ይጎዳዋል?

በአዳማ ከተማ ከጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ የምንገኝ የመድኃኒት ባለሙያዎች ከወላጆች ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ በሰባት ወሩ የተወለደበትና «ሽንቱ ቀንሷል» የተባለ አባት የማዘዣ ወረቀቱን በመስኮት ያቀብላል፤ መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ ሲወጡለት ቆሞ ያያል፤ ከዚያም «ዶክተር፣ ከእነዚህ ውስጥ ለኩላሊቱ የሚሆነው የትኛው ነው?» ይላል። በወረቀቱ ላይ በአብዛኛው የሚገኙት አምፒሲሊን፣ ጀንታሚሲን፣ አሚኖፊሊንና የግሉኮስ ፈሳሽ ናቸው። አንዳቸውም ለኩላሊት ተብለው የታዘዙ አይደሉም። ሆኖም ከዝርዝሩ ውስጥ ለትንፋሹ የታዘዘለት አሚኖፊሊን ኩላሊቱንም ሊያግዘው ይችላል፤ ለኢንፌክሽኑ የታዘዘለት ጀንታሚሲን ደግሞ ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል፤ ሕፃኑ ግን ሁለቱም ያስፈልጉታል። የአባትየው ጥያቄ በአንድ ቃል የማይመለሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም መስኮቱ ላይ ቆሞ በሁለት ደቂቃ ሊነገር የማይችለውን መልስ በሙሉ ማስቀመጥ አለብኝ ብዬ ማሰቤ ነው።

ኩላሊት ሥራውን የሚሠራው ኔፍሮን በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ነው። አንድ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮኖች ይኖሩታል፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ ከ200 ሺህ የማይበልጡ ያሏቸው አሉ፣ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ያሏቸውም አሉ። ማጣሪያዎቹ መሠራት የሚጀምሩት በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት ቢሆንም፣ 60 በመቶ የሚሆኑት የሚሠሩት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ነው፤ ሥራው የሚጠናቀቀውም ከ34ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድም አዲስ ኔፍሮን አይጨምርም። እንግዲህ በ28ኛው ወይም በ30ኛው ሳምንት የተወለደ ሕፃን ወደዚህ ዓለም የሚመጣው ኩላሊቱ ገና በግንባታ ላይ እያለ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ሕይወታቸው ያለፈ ጨቅላዎችን ኩላሊት በአጉሊ መነጽር የመረመረ ጥናት እንዳሳየው ግንባታው ከተወለዱ በኋላም ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ግን እስከ 40 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ጨቅላው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ አብዛኛውን መድኃኒቱን የሚወስደው በእነዚሁ 40 ቀናት ውስጥ መሆኑ የጉዳዩ ሁሉ መነሻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፅንስ በማህፀን ሳለ ደሙን የሚያጣራለት የእንግዴ ልጅ ነው፤ ልቡ ከሚረጨው ደም ወደ ኩላሊቱ የሚደርሰው ከ2 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። እትብቱ ሲቆረጥ ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ጊዜ በሁለቱ ትንንሽ ኩላሊቶች ላይ ይወድቃል። ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየጨመረ ይሄድለታል። ቀኑ ያልደረሰው ግን ይህን የሚያደርገው ዝግ ብሎ ነው፤ በመሐል ኦክስጅን ካነሰው፣ ደም ግፊቱ ከወረደ ወይም ኢንፌክሽን ከያዘው ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ከሁሉ ቀድሞ ይቀንሳል።

በአገራችን እንዲህ ያሉ አደጋዎች ምን ያህል የተለመዱ እንደሆኑ በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ያሳያል። ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ጨቅላዎች መካከል 45 በመቶው የሞቱት ሳንባቸው ባለመብሰሉ በደረሰባቸው የመተንፈስ ችግር፣ 30 በመቶው በኢንፌክሽን፣ 14 በመቶው ደግሞ በወሊድ ጊዜ በመታፈን ነው። ኩላሊት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስሙ አይነሣም። ይህ ማለት ግን የለበትም ማለት አይደለም፤ ሦስቱም ምክንያቶች በመንገዳቸው ላይ ኩላሊትን የሚመቱ ናቸውና። በዩናይትድ ስቴትስ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በህንድ በሚገኙ 24 የጨቅላ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 2,022 ሕፃናትን ያካተተና በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ ከሕፃናቱ 30 በመቶ የሚሆኑት ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል፤ ከ29ኛው ሳምንት በፊት ከተወለዱት መካከል ደግሞ 48 በመቶው ጉዳቱ ደርሶባቸዋል። ሌሎች ምክንያቶች ከተመዘኑ በኋላም ቢሆን ኩላሊታቸው የተጎዳባቸው ሕፃናት የመሞት ዕድላቸው ካልተጎዳባቸው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የሆነው የደም ምርመራ፣ የመተንፈሻ መሣሪያና የሰው ኃይል በተሟላባቸው ክፍሎች ነው።

ለትንፋሽ የታዘዘው ለኩላሊት ሲተርፍ

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት አእምሯቸው ትንፋሽን የሚቆጣጠርበት ክፍል ገና ስላልበሰለ በየመሐሉ መተንፈስ ያቆማሉ። ለዚህ የሚሰጠው ካፌይን ሲትሬት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታወቀውና 2,006 ሕፃናትን ያሳተፈው ዓለም አቀፍ ሙከራ ካፌይን ከትንፋሹም አልፎ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምን እንደሚቀንስ ስላረጋገጠ፣ ዛሬ በመስኩ ከሚታመንባቸው ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ያለጊዜያቸው የተወለዱና ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ ሕፃናት እንክብካቤ ምክረ ሐሳብ ለትንፋሽ መቋረጥ ሕክምና ካፌይን እንዲሰጥ በጥብቅ መክሯል።

የኩላሊቱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀደም ሲል በጠቀስሁት የ24 ሆስፒታሎች ጥናት ውስጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ 675 ሕፃናት ተለይተው ሲመረመሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ካፌይን ካገኙት መካከል የኩላሊት ጉዳት የደረሰባቸው 11.2 በመቶ ሲሆኑ ካላገኙት መካከል ግን 31.6 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አሠራሩም በአካል አሠራር ዕውቀት የሚደገፍ ነው፦ ኦክስጅን ሲያንስ በኩላሊት ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ አዴኖሲን ደግሞ ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባውን ቀጭን ቧንቧ ያጠብባል፤ ደም ካልገባ ማጣራት የለም። ካፌይን፣ እንዲሁም የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑት ቲዮፊሊንና አሚኖፊሊን፣ አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው በመያዝ ቧንቧው እንዳይጠብብ ያደርጋሉ።

ነገር ግን ይህ ቁጥር ሊነበብ የሚገባው በጥንቃቄ ነው። 11.2 እና 31.6 የተገኙት ሕፃናቱን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ወገን ካፌይን ሰጥቶ፣ ለሌላው ነፍጎ ከተደረገ ሙከራ ሳይሆን የተሰጣቸውንና ያልተሰጣቸውን መዝገብ ወደ ኋላ በማየት ነው። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለና በጣም የታመመ ሕፃን ካፌይን ሳይጀመርለት ሊቆይ ይችላል፤ ያ ሕፃን ኩላሊቱ ቢጎዳ ካፌይን ባለማግኘቱ ነው ወይስ ቀድሞውኑ በመታመሙ ነው የሚለው በመዝገብ ብቻ አይለይም። ስለዚህ ካፌይን ለትንፋሹ የሚያስፈልገው ሕፃን ሁሉ ሊያገኘው ይገባል፣ ሲያገኘውም ኩላሊቱ ሊጠቀም ይችላል ማለት ተገቢ ነው፤ «ካፌይን የኩላሊት መድኃኒት ነው» ማለት ግን ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ መናገር ነው።

በወሊድ ጊዜ ታፍነው ለተወለዱ ሕፃናት ያለው ማስረጃ ከዚህ ትንሽ ይጠነክራል። ኬዲጎ በሚል ምህፃር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ በ2012 እ.ኤ.አ. እትሙ፣ ክፉኛ ታፍነው ለተወለዱና ኩላሊታቸው ለመጎዳት የተቃረበ ጨቅላዎች አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ቲዮፊሊን ሊታሰብ እንደሚችል ጠቁሟል። ምክሩ የተመሠረተው ሕፃናቱን በዕጣ በከፈሉ ሙከራዎች ላይ ነው፤ ሙከራዎቹ ግን ትንንሽ ነበሩ፤ በአመዛኙም የተሠሩት ቀናቸውን ጠብቀው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ነው።

በእኛ አገር ክፍሎች በብዛት በእጅ ያለው አሚኖፊሊን ነው። ርካሽ ነው፣ ይገኛል፣ ትንፋሽንም ያግዛል። ካፌይን ግን በሁለት ነገር ይበልጠዋል። አንደኛ፣ በጨቅላው ደም ውስጥ መጠኑ ግማሽ ለመሆን 100 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት በቀን አንድ ጊዜ መስጠት ይበቃል። ሁለተኛ፣ በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። የአሚኖፊሊን ርቀት ግን ጠባብ ነው፤ ትንሽ ሲበዛ የልብ ምት እጅግ ይፈጥናል፣ ወተት አልረጋ ይላል፣ ከዚያም አልፎ ሕፃኑ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በደም ውስጥ ያለውን መጠን መለካት በማይቻልበት ቦታ የሚሠራ ባለሙያ አሚኖፊሊንን የሚሰጠው የልብ ምቱን እየቆጠረ፣ ዓይኑን ከሕፃኑ ሳያነሣ ነው። ካፌይን ሲትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የሕፃናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ቡና ለዓለም ባበረከተች አገር የሚወለድ ጨቅላ ይህን መድኃኒት የሚያገኘው በዕድል መሆን የለበትም ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ቡና ከተነሣ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ለጨቅላ የሚሰጠው ካፌይን በሚሊግራም ተለክቶ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ነው። ቡና፣ ሻይ፣ የስኳር ውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ ጤና አዳም ወይም ቅቤ ለጨቅላ መስጠት ለትንፋሹም ለኩላሊቱም አይበጀውም፤ ይልቁንም ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ገና ያልበሰለውን አንጀቱንም ያስቸግረዋል። እማማ ወይም አክስት በደግ ልብ ቢያቀርቡትም መልሱ «የእናቱ ጡት ይበቃዋል» የሚል ነው።

ሽንት ማስወጣት ኩላሊትን ማዳን አይደለም

ሽንቱ የቀነሰ ሕፃን ሲታይ የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፉሮሴማይድ፣ በገበያ ስሙ ወደ ላሲክስ ነው። መድኃኒቱ ሽንት ያስወጣል፤ ዳይፐሩ ሲረጥብ ወላጅም ባለሙያም እፎይ ይላል። የተጎዳው ማጣሪያ ግን በዚህ አልዳነም። ኬዲጎ የኩላሊትን ጉዳት ለመከላከል ሽንት አስወጪ መድኃኒት እንዳይሰጥ ይመክራል፤ ቦታው ፈሳሽ በሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ሳንባን ወይም ልብን ሲያስጨንቅ ነው። ፈሳሽ አንሶት ሽንቱ ለቀነሰ ሕፃን ፉሮሴማይድ መስጠት ደግሞ የጎደለውን ይብስ ማጉደል ነው። ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን ደም ውስጥ ይህ መድኃኒት ከአዋቂ ይልቅ በብዙ እጥፍ ይቆያል፤ ስለዚህ ሲደጋገም ይጠራቀማል፣ የመስማት ችሎታን ያሰጋል፣ በተለይ ከጀንታሚሲን ጋር ሲጣመር። ካልሲየምን በሽንት ስለሚያስወጣም ቆይቶ በራሱ በኩላሊቱ ውስጥ የካልሲየም ክምችት ሊፈጥር ይችላል። በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ ዶፓሚንም ለብዙ ዓመታት «የኩላሊት መጠን» እየተባለ ሲሰጥ የኖረ ቢሆንም፣ ማስረጃው ስላልደገፈው መመሪያው ለዚህ ዓላማ እንዳይውል በግልጽ ከልክሏል። ደም ግፊት ለወረደበት ሕፃን ግፊቱን ለማቆም ሲሰጥ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ጀንታሚሲን፣ ሲሪንጅና ሒሳብ

ኩላሊትን ከሚጠቅመው መድኃኒት ይልቅ ኩላሊትን ከሚጎዳው መድኃኒት መጠንቀቅ ብዙ ሕፃናትን ያተርፋል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ይህን የምለው በየቀኑ መጠን ስለማሰላ ነው። ጀንታሚሲን ከአምፒሲሊን ጋር ሆኖ ለጨቅላ ኢንፌክሽን የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ከላይ እንዳየነውም ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሚሞቱት 30 በመቶውን የሚወስደው ኢንፌክሽን ስለሆነ «ኩላሊት ይጎዳል» ተብሎ የሚቀር መድኃኒት አይደለም። ጉዳቱ የሚደርሰው እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱ በማጣሪያው ካለፈ በኋላ በኔፍሮኑ ቱቦ ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ይስቡትና በውስጣቸው ይጠራቀማል፤ በቂ ጊዜ ሳይሰጣቸው ሌላ መጠን ከተጨመረ ሴሎቹ ይታመማሉ። ስለዚህ ለኩላሊቱ ወሳኙ ነገር በሁለት መጠኖች መካከል ያለው የዕረፍት ጊዜ ነው። ቀኑን ጠብቆ ለተወለደ ሕፃን 24 ሰዓት ሲበቃ፣ በጣም ቀድመው ለተወለዱት ዕረፍቱን ወደ 36 እና ወደ 48 ሰዓት የሚያራዝሙ መመሪያዎች አሉ። ከሌላ ቦታ ሪፈር ተብሎ የመጣ ሕፃን ወረቀት ላይ የመጨረሻው ጀንታሚሲን የተሰጠበት ሰዓት ካልተጻፈ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል፤ መድኃኒቱ ከሰዓታት በፊት የተሰጠው ሕፃን እንደገና ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ሲሪንጁ እንምጣ። ክብደቱ 1.2 ኪሎ የሆነ ሕፃን አለ እንበል። ዝቅተኛ ክብደት ላላቸው ጨቅላዎች በመጀመሪያው ሳምንት በኪሎ 3 ሚሊግራም በቀን አንዴ የሚለውን መጠን ብንወስድ የሚያስፈልገው 3.6 ሚሊግራም ነው። በየፋርማሲው በብዛት የሚገኘው ጀንታሚሲን በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊግራም የያዘው ለአዋቂ የተዘጋጀው ነው፤ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊግራም። ከዚህ ላይ 3.6 ሚሊግራም ለማግኘት የሚቀዳው 0.09 ሚሊ ሊትር ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ እንኳ ይህ ከአሥር አንዱ መስመር በታች ነው። ሌሊት በደካማ መብራት እጅ ትንሽ አልፎ 0.2 ቢቀዳ ሕፃኑ 8 ሚሊግራም፣ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ይደርሰዋል። በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊግራም የያዘው ለሕፃናት የተዘጋጀው ቢኖር ያው መጠን 0.36 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ዓይን ያየዋል፣ እጅም ይለካዋል። እሱ በማይኖርበት ጊዜ የአዋቂውን አንድ ሚሊ ሊትር በ3 ሚሊ ሊትር ጨዋማ ፈሳሽ ማቅጠን ያንኑ ውጤት ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ይሆናልና። ይህ የቀዶ ሕክምና ያህል ውስብስብ ነገር አይደለም፤ ከሕፃኑ አልጋ ራስጌ በትልልቅ ቁጥር ተጽፎ ሊለጠፍ የሚችል የአንድ መስመር ሒሳብ ነው። የበርሚንግሃም አላባማ ዩኒቨርሲቲ የጨቅላ ክፍል ኩላሊት ጎጂ መድኃኒቶችን በየቀኑ የሚከታተል መርሐ ግብር ዘርግቶ፣ ፋርማሲስቱ በየማለዳው የትኛው ሕፃን ስንት ጎጂ መድኃኒት እየወሰደ እንደሆነ እየቆጠረ እንዲያሳውቅና ኩላሊታቸው በየቀኑ እንዲለካ በማድረግ ብቻ ጉዳቱን በከፍተኛ ደረጃ መቀነሱን በ2019 እ.ኤ.አ. አሳውቋል። በመርሐ ግብሩ ውስጥ አንድም አዲስ መድኃኒት አልነበረም።

ከጀንታሚሲን ሌላ አሚካሲን፣ ቫንኮማይሲንና የፈንገስ መድኃኒቱ አምፎቴሪሲን ቢ በዚሁ ጎራ ይመደባሉ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ሲደራረቡ አደጋው ይበረታል። በልብ አካባቢ ከልደት በኋላ መዘጋት ሲገባው ክፍት የሚቀረውን የደም ቧንቧ ለመዝጋት የሚሰጡት ኢንዶሜታሲንና ኢቡፕሮፌንም ኩላሊትን የሚነኩት በራሳቸው የሥራ መንገድ ነው፦ ቧንቧውን ክፍት አድርጎ የሚያቆየውን ፕሮስታግላንዲን ሲያግዱ ለኩላሊት ደም የሚያደርሰውንም ያንኑ ንጥረ ነገር አብረው ያግዳሉ። ኢቡፕሮፌን በዚህ ረገድ ከኢንዶሜታሲን ይሻላል፤ ዛሬ ዛሬ ፓራሲታሞልም ለዚሁ ሥራ ይውላል።

ይኸው የኢቡፕሮፌን ነገር ወደ እናቶች ያወጣናል። በከተማችን ነፍሰ ጡር እናት ወገቧን ሲያማት ያለ ማዘዣ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ገዝታ መውሰዷ የተለመደ ነው። የፅንሱ ሽንት የእንሽርት ውኃው ዋነኛ ምንጭ ነው፤ እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሲወሰዱ የፅንሱን ሽንት፣ ከዚያም የእንሽርት ውኃውን ሊቀንሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ለደም ግፊት የሚሰጡት ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል ደግሞ የፅንሱን ኩላሊት እድገት በቀጥታ የሚያበላሹ በመሆናቸው ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጡም። ከመድኃኒት መደብሩ ጠረጴዛ ኋላ ያለን ሰዎች «እርጉዝ ነሽ እንዴ እህቴ?» ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ውኃ፣ ሙቀትና ሚዛን

አዳማ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ነፋሱም ደረቅ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ቆዳ እጅግ ስስ ስለሆነ ውኃ በቆዳው ተንኖ ይወጣል፤ በሙቀት መስጫው ሥር ሲተኛ፣ ቢጫ ሆኖ በሰማያዊው ብርሃን ሥር ሲቀመጥ ደግሞ ትነቱ ይጨምራል። ከመተሐራ፣ ከወለንጪቲ ወይም ከዴራ አቅጣጫ ሪፈር ተብሎ በቀትር የሚመጣ ጨቅላ ሆስፒታሉ ደጃፍ የሚደርሰው ከሰውነቱ ብዙ ውኃ ጎድሎት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሕፃን ከመድኃኒት ሁሉ በፊት ለኩላሊቱ የሚያስፈልገው በልኩ የተሰጠ ፈሳሽ ነው። ልኩ ግን በቀላሉ የሚያዝ አይደለም፦ 1.2 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር በቀን ቢታዘዝ በሰዓት 4 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በተለመደው የአዋቂ መስመር፣ 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆነው፣ ይህ በደቂቃ አንድ ጠብታ ከሲሶ ነው። ማንም ሰው ይህን በዓይኑ ሊቆጣጠር አይችልም። የሲሪንጅ ፓምፕ ወይም ቢያንስ 60 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር የሚሆን የሕፃናት መስመር ከኩላሊት መድኃኒቶች ተርታ መቆጠር አለበት የምለው ስለዚህ ነው። ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማቆየት፣ የካንጋሩ እንክብካቤ የምንለው፣ ሙቀቱን ከመጠበቁም ሌላ ከማሽን ሙቀት የሚመጣውን ትነት ያስቀራል።

ኩላሊቱ መጎዳቱን በጊዜ ማወቅም ለብቻው ፈተና ነው። በደም የሚለካው ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያሳየው የሕፃኑን ሳይሆን የእናቱን ክሬቲኒን ነው፤ ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ደግሞ ጤነኛ ቢሆኑም መጀመሪያ ከፍ ብሎ በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በዴሲ ሊትር መጨመሩ ነው፤ ይህ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መለካትን ይጠይቃል። በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት ያፌ የሚባለው ርካሽ የአለካክ ዘዴ ሕፃኑ በጣም ቢጫ ሲሆን ቁጥሩን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ማሳየቱም መታወቅ አለበት፤ የተጎዳ ኩላሊት ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላልና።

ሽንት ግን ላቦራቶሪ አይጠይቅም። በኪሎ በሰዓት ከአንድ ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው፤ ለ1.2 ኪሎው ሕፃን በስድስት ሰዓት 7 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ደረቅ ዳይፐር ተመዝኖ፣ ከረጠበ በኋላ እንደገና ሲመዘን የአንድ ግራም ልዩነት እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ይቆጠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ግራም የሚለይ አነስተኛ ሚዛንና ቁጥሩ የሚጻፍበት ወረቀት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ለሳምንት ያህል የሕፃናት መዝገብ ሳይ፣ በሽንት ቦታ ላይ የተጻፈው «አለ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። «አለ» 20 ሚሊ ሊትርም ነው፣ 2 ሚሊ ሊትርም ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ጀንታሚሲኑ በሰዓቱ ይሰጥ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስን ነው። እናቶች ቀኑን ሙሉ ከልጆቻቸው አጠገብ ናቸው፤ ዳይፐሩን መዝኖ መጻፍን ማሳየት ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ላሳየኋቸው እናቶች ሁሉ ከማንኛችንም በላይ በትጋት ሲሠሩት አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኩላሊቱ ቢያቆም የሚቀረው እጥበት ነው። ለዚህ ዕድሜና ክብደት ተስማሚው በሆድ ዕቃ ሽፋን በኩል የሚደረገው ሲሆን፣ ለጨቅላ የሚሆን ቀጭን ቱቦና ልምድ ያለው ባለሙያ ስለሚፈልግ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ቤተሰብ በቀላሉ የሚደረስበት አይደለም። መከላከሉ ላይ ይህን ያህል መዘርዘሬም ለዚሁ ነው።

ከሆስፒታል ወጥቶ ለሚያድገው ልጅም ታሪኩ አያበቃም። በስዊድን ከ1973 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱት ሥር በሰደደ የኩላሊት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በጊዜያቸው ከተወለዱት ወደ ሁለት እጥፍ፣ ከ28ኛው ሳምንት በፊት የተወለዱት ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። በጥቂት ኔፍሮን የተወለደ ሰው ያሉት ኔፍሮኖች የሌሉትንም ድርሻ እየሠሩ ስለሚደክሙ ችግሩ ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በመውጫ ወረቀቱ ላይ የተወለደበት ሳምንት፣ የወሰዳቸው ኩላሊት ጎጂ መድኃኒቶች ከነቀናቸው፣ ክሬቲኒኑ የደረሰበት ከፍተኛ ቁጥርና ሲወጣ የነበረው ቁጥር ሊጻፍ ይገባል። ወላጆች ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጠው ልጁ ሲያተኩሰው ለሚሄዱበት ክሊኒክ ሁሉ ቢያሳዩት፣ ሐኪሙ ኢቡፕሮፌን ከማዘዙ በፊት ያስብበታል። የሌሎች ልጆች ደም ግፊት መለካት የሚጀመረው በሦስት ዓመታቸው ሲሆን፣ ከ32ኛው ሳምንት በፊት የተወለዱት ግን ከዚያ አስቀድሞ እንዲለኩ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 እ.ኤ.አ. መመሪያው አስቀምጧል፤ ለዚህ በየጤና ጣቢያው መኖር ያለበት ለትንሽ ክንድ የሚሆን የደም ግፊት መለኪያ መጠቅለያ ነው፤ የአዋቂው መጠቅለያ በሕፃን ክንድ ላይ ሲታሰር ቁጥሩን ከእውነተኛው ዝቅ ያደርገዋልና።